በቅጣት ገንዘብ መብረር

እቁባችን ስምንት ሴቶች ነን። የምንገናኘው ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከሩብ ሰዓት በላይ ያረፈደች አምስት ፍራንክ ትቀጣለች፤ ሳታሳውቅ የቀረች አሥር። ባቡር በደቂቃ በሚቆጠርበት አገር እየኖርን፣ ሥራችን ላይ አንድ ቀን አርፍደን የማናውቅ ሰዎች፣ እቁብ ሲሆን ሐበሻነታችን ይነሣብናል። ሦስት ዙር፣ ማለትም ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ሲጠራቀም የቆየው የቅጣት ገንዘብ ሲቆጠር 640 ፍራንክ ሆነ። ከዚያ ውስጥ የእኔ ድርሻ ስንት እንደሆነ ጸሐፊያችን በደብተሯ ይዛዋለች። እዚህ አልጽፈውም።

ገንዘቡ ምን ይደረግ ሲባል አንዷ ምግብ ቤት እንሂድበት አለች። ሌላዋ አገር ቤት ለተቸገረ እንላከው ስትል ሁላችንም አፍረን ዝም አልን። በኋላ "ለእሱ ለብቻው እናዋጣለን" ተባለ፤ ተዋጥቶም ተላከ። ይኼኔ ነው ዳኛችን "እኔ መብረር ነው የምፈልገው" ያለችው። የእቁብ ዳኛ ማለቴ ነው። ሥራዋ ኢንተርላከን በምትባል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት አንሶላ እያራገፈች ሰው በጨርቅ ክንፍ ተንጠልጥሎ (ፓራግላይዲንግ ይሉታል) ከሰማይ ሲወርድ ስታይ ኖራለች። "ሁልጊዜ እነሱ ናቸው ከላይ ሆነው እኔን የሚያዩኝ። አንድ ቀን እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ ያንን መስኮት ማየት አለብኝ" አለች። እንዲህ ከተባለ በኋላ ስለ ምግብ ቤት ያነሣ ሰው የለም።

ሰውን ከፓይለት ጋር አጣምሮ የሚያበረው ድርጅት ለአንድ ሰው 180 ፍራንክ ጠየቀን። ለስምንት 1,440። ከቆርቆሮው 640 ሲወጣ ለእያንዳንዳችን መቶ መቶ ፍራንክ ደረሰን። መቶ ፍራንክ ለሩብ ሰዓት! ያን ቀን ማታ አገር ቤት በምልከው ብር ስመነዝረው አደርኩ፤ ይህ የስደተኛ ሁሉ በሽታ ነው፣ መድኃኒትም የለውም።

እውነቱን ለመናገር ግን ያስጨነቀኝ ገንዘቡ አልነበረም። ያደግሁት ጣርማ በር ነው። በደሴ መንገድ የሄደ ያውቀዋል፤ ደብረ ሲና ከመድረሱ በፊት፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ያለበት፣ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ከእግር በታች የሚዘረጋበት። እናቴ እዚያ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ በአንድ እጇ ትሰፍራለች፣ በሌላው እጇ የቀሚሴን ጀርባ ጨምድዳ ትይዛለች። ጉም ሲወርድ አፋፉ የት እንደሚያበቃ ስለማይታይ፣ ያን ጊዜ በሁለት እጇ ነው የምትይዘኝ፤ ቆሎው ገዢ ቢያጣም ግድ የላትም። እና እኔ ስለ ገደል የማውቀው ነገር ሁሉ ከኋላዬ ከሚይዘኝ እጅ ጋር የተያያዘ ነው። "ፈሪ ለናቱ" ይባላል። እናቴ ይህን ተረት እንደ ስድብ ሰምታው አታውቅም፤ ለእሷ የልጅ አስተዳደግ ደንብ ነው።

ስለዚህ አልነገርኳትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀጠርንበት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ተራራው እጅ ቢዘረጋ የሚነካ የሚመስል ቀን ነበር። ጠዋት ተደውሎ "ዛሬ የለም፣ ፎን ነው" ተባልን። ፎን ከደቡብ የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሸለቆው እየሞቀ የሚወርድ ነፋስ ነው። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ ፎንን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግማሾቹ ራሴን አመመኝ ይላሉ፣ የቀሩት ይጣላሉ። ነፋሱ ሰውን ከሰማይ አውርዶ ሊፈጠፍጥ እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር። ከተራራው ማዶ እየተንከባለለ ሲወርድ ክንፉን እንደ ጨርቅ ያጥፈዋል አሉን። ለፎቶ የሚያምረው ቀን ለመብረር የማይሆነው ቀን መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል። ድርጅቱን የወደድኩት በዚያ ስልክ ነው። 1,440 ፍራንክ ይቅርብኝ የሚል ሰው ያስተማምናል።

በሁለተኛው እሑድ ደመና ነበር፣ ያውም ተራርቆ የተበተነ ጥጥ የመሰለ ደመና። ፓይለቶቹ ይህን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ጣጣ መጣ፦ ኪሎ። እያንዳንዱ ፓይለት ከተሳፋሪው ጋር ተደምሮ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ስለሆነ፣ ቀላሉን ከከባዱ እያመዛዘኑ ያጣምራሉ። ወጣቱ ወረቀት ይዞ "ስንት ኪሎ?" ሲል ስምንታችንም የሰማን አንመስልም። ሃያ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሴቶች ያን ቁጥር አይነጋገሩም። አንዷ "ከቁርስ በፊት ነው በኋላ?" አለች። በመጨረሻ ጸሐፊያችን ወረቀቱን ተቀበለችውና፣ በየተራ ጆሮዋ ላይ እየተንሾካሾክንላት ሞላችው። ምስጢሩ ከእቁቡ ደብተር ጋር አብሮ ተቀብሯል።

በመኪና ከኢንተርላከን በላይ ወዳለችው የቢያተንበርግ መንደር ስንወጣ ሹፌሩ፣ እሱም ፓይለት ነው፣ አንድ ነገር አረመን። ሁላችንም "ፓራሹት" እንል ነበር። ፓራሹት የሚወድቅ ሰው እንዳይሞት የሚያደርግ ነገር ነው፤ ይሄ ግን ክንፍ ነው አለ። እንጨትም ብረትም የለውም፣ ጨርቅና ክር ብቻ። ከፊት በኩል ተርታውን አፍ አፍ አለው፤ ሰው ሲሮጥ አየር በነዚያ አፎች ይገባና ሲሞላው፣ የተነፋ ስልቻ እንደሚገተር ይገተራል፤ የክንፍ ቅርፅ ይይዛል። አየር እየሞላው እስከሄደ ድረስ ክንፍ ነው፣ ካልሄደ ጨርቅ ነው። ስፖርቱ የተጀመረውም በቁጠባ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሚዩሲ በምትባል የተራራ መንደር፣ ፓራሹት የሚዘሉ ሰዎች ለአውሮፕላን የሚከፍሉት ቢበዛባቸው ጊዜ፣ ለምን ከኮረብታ ላይ እየሮጥን አንነሣም ብለው ሞከሩት። ዳኛችን ይህን ስትሰማ "የእቁብ ሰዎች ናቸው ማለት ነው" አለች።

መነሻው ከባሕር ጠለል በላይ 1,350 ሜትር ገደማ የሆነ ሳር ያለበት ዳገት ነው። ሰዎቹ ከፍታውን ሲነግሩን በኩራት ነበር። ለጣርማ በር ልጅ 1,350 ሜትር ቆላ ነው! ይህን ለራሴ ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ከዚያ ወደ ታች አየሁና መጽናናቱ አለቀ። ከፊታችን የቱን ሐይቅ፣ ወዲያ ማዶ አይገር፣ ሙንሽና ዩንግፍራው ተርታቸውን ቆመዋል። ሙንሽ መነኩሴ ማለት ነው፣ ዩንግፍራው ድንግል፤ አይገርን ደግሞ ሰዎቹ ጭራቅ ነው ይሉታል። መነኩሴው ጭራቁ ድንግሊቱን እንዳይነካት መሃል ገብቶ ቆሟል። እትዬ ይህን ስነግራት አማተበች፤ "በመነኩሴው አምላክ" አለች።

እትዬ ከመሃላችን ትልቋ ናት፣ 61 ዓመቷ። ስሟን የሚጠራ የለም፣ ለሁላችንም እትዬ ናት።

ፓይለቶቹ አምስት፣ እኛ ስምንት። በሁለት ዙር ነው የምትበሩት ተባልን። ማን ይቅደም ሲባል ጸሐፊዋ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ቀደደች፣ ጻፈች፣ ጠቀለለች፣ በሄልሜት ውስጥ አድርጋ ነቀነቀች። ፓይለቶቹ ቆመው ያዩናል። እንደ ወጉ ከመሃላችን ታናሿ እያወጣች ሰጠችን። ለእትዬ አንድ ቁጥር ወጣላት። ለእኔ ስምንት። በሕይወቴ የእቁብ እጣ ቶሎ ወጥቶልኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደስታዬም ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆየም።

እትዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ከኋላዋ ካለው ፓይለት ጋር በብረት መንጠቆ ተያያዙ፣ ክንፉ ከኋላቸው ሳሩ ላይ ተዘርግቷል። ሰውየው አንድ ነገር ጮኸ። እትዬ ሮጠች። ከሃያ ዓመት በፊት እንኳ ስትሮጥ ያየናት አይመስለኝም። አራት እርምጃ፣ አምስት፣ ከዚያ እግሯ ባዶ አየር ላይ መሮጡን ቀጠለ፣ ከጥዶቹ በላይ ሆነች፣ ከዳገቱ ጀርባም ተሰወረች። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ከታች፣ ካላየነው ቦታ፣ እልልታ መጣ። ረጅም፣ የሠርግ እልልታ። አንደኛው ፓይለት ደንግጦ ሬዲዮኑን አነሣ፤ ሴትየዋ ምን ሆነች ብሎ ሊጠይቅ ነው። "ተወው፣ ተደስታ ነው" አልነው። አላመነንም መሰለኝ፤ ጠየቀ።

አምስቱ ከሄዱ በኋላ ሦስት ቀረን። ፓይለቶቹ ኢንተርላከን መሃል፣ ሆሄማተ በሚባለው ሜዳ አርፈው በመኪና እስኪመለሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ስለ እንዲህ ያለ ቀን የሚጽፍ ሁሉ ስለ በረራው ይጽፋል፤ ስለዚያ አንድ ሰዓት ማንም አይጽፍም። ፍርሃት ያለው እዚያ ነው። አጠገባችን የላም ቃጭል ይሰማል። የስድስት ሰው ነጠላና ቦርሳ አቅፌ ተቀምጫለሁ፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩ ነው የምመስለው። ጸሐፊያችን ብዙ ዝም ካለች በኋላ "እኔ አልበርም" አለች። ለምን አላልናትም። "ሁለት ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው፤ ይሄ ለሌላ ሰው ጨዋታ ነው፣ ለእኔ ግን ሂሳብ ነው" አለች። ገንዘቧ ተመላሽ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ደብተሩን የያዘችው እሷ ናት። እኔ ከዚያ ቀን ሁሉ ውስጥ የማከብረው ውሳኔ ይህ ነው። ስምንት ሰው በሄደበት መንገድ "እኔን ይቅርብኝ" ለማለት ከመሮጥ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ጉልበቱ ስላልነበረኝ ሮጥኩ።

ፓይለቴ ሽማግሌ ቢጤ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሰው ነው። በርን ብዙ ዓመት እንደኖርኩ ስነግረው ደስ ብሎት ከጀርመንኛው ወደ በርኖቹ ቋንቋ ገባ። እኔም ኮራሁ። ሁሉን አስረዳኝ፤ ክንፉ ሲነሣ ወደ ኋላ ይስብሻል፣ አንቺ ወደ ፊት አዘንብለሽ ግፊ፣ ካላልኩሽ እንዳትቀመጪ። እሺ እሺ አልኩ። ከዚያ ከጆሮዬ ሥር "ሽፕሪንግ!" ብሎ ጮኸ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ትምህርት ቤት በተማርኩት ጀርመንኛ "ሽፕሪንገን" መዝለል ነው። በርኖች ግን "ሽፕሪንገ" ሲሉ መሮጥ ማለታቸው ነው፤ ለመዝለል "ጉምፐ" የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው። ይህን አውቃለሁ። በየቀኑ አረጋውያኑ "እንደዚህ አትሽፕሪንጊ፣ ቀስ በይ" እያሉ ይቆጡኛል። ነገር ግን ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ ወደ ተማረው ነው የሚሮጠው። እኔ አልሮጥኩም። ዘለልኩ። ሁለት እግሬን አንሥቼ ዘለልኩና አየር ላይ ተቀመጥኩ። ክንፉ ገና ስላልተነሣ መሬቱ ተቀበለኝ፤ ሰውየውም ከኋላዬ ተከትሎ መጣ፣ ክንፉም ከላያችን እንደ አንሶላ ወረደብን። ጨርቁ ውስጥ ሆኜ የመጀመሪያው የሰማሁት የጸሐፊያችንን ሳቅ ነው። ፓይለቱም ነገሩ ሲገባው ሳቀ። ስዊሶች ቋንቋቸውን ባለማወቅሽ አይስቁብሽም፤ በማወቅሽ ግን ይስቃሉ።

ሁለተኛው ሙከራ። ክንፉ እንደገና ተዘረጋ፣ ክሮቹ አንድ በአንድ ታዩ፣ ጉልበቴ ላይ ያለው ጭቃ ተጠረገ። አሁን በንጹሕ ጀርመንኛ "ላውፈን፣ ላውፈን" አለኝ፤ እንደ ሕፃን። ሮጥኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ ሳበኝ። አልተዘጋጀሁበትም። ነግሮኝ ነበር፣ አዎ፣ ግን እንደዚህ መሆኑን አልነገረኝም። ጀርባዬን፣ ልክ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ የሆነ እጅ ጨምድዶ ይዞ "ወዴት ነው?" ያለኝ ያህል ነው። እግሬ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ እጅ ሲይዘኝ መቆም ነው የማውቀው። "ግፊ! ግፊ!" ይላል ሰውየው። ገፋሁ። የሚይዘኝ ነገር ከኋላዬ ተነሥቶ ከራሴ በላይ ሆነ፣ ከዚያ ወደ ላይ ነው የሚስበኝ። ሳሩ ከሥሬ ሄደ። አልዘለልኩም፣ አልወደቅሁም፤ መሬቱ ነው ዘቅዝቆ የሄደው።

አየሩ ላይ ያለው ነገር ከጠበቅሁት ያነሰም የበለጠም ነው። ያነሰው ፍርሃቱ ነው፤ ከፎቅ በረንዳ ወደ ታች ሳይ የሚይዘኝ ማዞር እዚያ የለም። ምናልባት ከመሬት ጋር የሚያገናኘኝ ግድግዳ ስለሌለ ይሆናል። የበለጠው ጸጥታው ነው። ነፋሱ በክሮቹ መሃል ያፏጫል፣ በቃ። በስተግራ ብሪየንዝ ሐይቅ ወተት የተበረዘበት የሚመስል አረንጓዴ ሰማያዊ ነው፤ የበረዶ ግግር የፈጨው የድንጋይ ዱቄት ስለሚገባበት ነው እንደዚያ የሚሆነው። በስተቀኝ ቱን ሐይቅ ጠቆር ይላል። መሃል ከተማዋ፣ ኢንተርላከን፤ ስሟም እኮ በሐይቆች መካከል ማለት ነው።

ፓይለቱ ጋ ያለች ትንሽ መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች። ወደ ላይ እየወጣን ነው አለኝ። ፀሐይ የመታችው ገደል አየሩን ያሞቀዋል፣ የሞቀው አየር ይነሣል፤ እሱ ውስጥ ገብቶ መዞር ነው። እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ከእኛ በታች ጭልፊት የሚመስል ወፍ ክንፉን ሳያራግብ ይዞራል። ጀርባውን ነበር የማየው።

የወፍ ጀርባ ማየት ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ይሆናል። ለጣርማ በር ልጅ አይደለም። እኛ ጆፌ አሞራን ሁልጊዜ ከላይ ነው ያየነው፤ ከአፋፉ ሥር እየዞረ ሲወጣ መጀመሪያ ጀርባው፣ ከዚያ በፊታችን ያልፋል፣ ከዚያ ነው ሆዱ የሚታየው። አንድ ጊዜም ክንፉን አያራግብም። ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። እናቴን "ለምን አይበርም?" ብላት "ምን ቸግሮት፣ ይወስዱታል" አለችኝ። መላእክት መስለውኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳነብ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ ጆፌ አቢጃን ላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ የለም። ይወስዱታል፣ እስከዚያ ድረስ።

ስለ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ፓይለቱ "ትንሽ እንጫወት?" ሲለኝ ለጨዋነት ብዬ እሺ አልኩ። አንዱን እጀታ ሳበና ክንፉ ወደ ጎን ተኝቶ መሽከርከር ጀመርን፤ ሐይቁ ከራሴ በላይ፣ ሰማዩ ጎኔ ላይ። ሆዴ ወደ አፌ መጣ። "በቃ" በሚለው ቃል በአራት ቋንቋ ጮህኩ። ወዲያው አቃናው። ሰዎች ስለ ነፃነት፣ ስለ ወፍ መሆን ይጽፋሉ። እኔ ጭነት ነበርኩ። ጥሩ የተያዘ፣ የተከበረ ጭነት፤ ግን ጭነት።

ሆሄማተ ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት እንዳይሠራበት ተስማምተው ያስቀሩት ሜዳ ነው፣ በትልልቅ ሆቴሎች ፊት ለፊት። "ቁሚ" ሲለኝ ቆምኩ፣ ሦስት እርምጃ ሮጥኩ፣ ጨርቁ ከኋላችን ተነፈሰና ወደቀ። ዳኛችን ከሁሉ ቀድማ መጣች። "መስኮቱን አየሽው?" አልኳት። ቆም ብላ ወደ ሆቴሉ አየች። "ስንት ጊዜ ፈለግሁት። ከላይ ሁሉም መስኮት አንድ ነው" አለች። ከዚያ በመኪና የመጣችውን ጸሐፊያችንን ጠብቀን፣ ሳሩ ላይ ነጠላ ዘርግተን ዳቦ በላን። ፎቶና ቪዲዮ 40 ፍራንክ ነው ሲሉን፣ ይሄማ ዝርፊያ ነው ብዬ ብዙ ተናገርኩ። ገዛሁት።

ለእናቴ የላክሁላት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በኢሞ ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ ከፈተላት። ደወለችልኝ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

"ጣርማ በርን ያህላል?" አለችኝ።

"ኧረ ያንሳል እማዬ። በጣም ያንሳል።"

"ይሄ ከኋላሽ ያለው ሰውዬ..."

"ፓይለቱ ነው።"

"ቀሚስሽን ይዞሻል?"

"ሱሪ ነው የለበስኩት እማዬ።"

"ቢሆንም።"

"ይዞኛል" አልኳት።